ውድ የተገዛው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ፦ ጥፋቱ የማን ነበር?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጥያቄዬ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ውድ ዲጂታል ካሜራ ለገዛችሁ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ገዝታችሁ ተናዳችኋል? እኔ በጣም ተናድጃለሁ። ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

የኔው ባለ 2 ሜጋፒክስል ነበር፤ ፎቶው ከሁለት ሚሊዮን ነጥብ (ፒክስል) የተሠራ ማለት ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ድርጅት ጉዳይ አይደለም። በዚያ ገንዘብ ሁነኛ ባለ ፊልም ካሜራ ከነሌንሱ ይገዛ ነበር፤ ለፊልምና ለማሳጠቢያም ይተርፋል። እኔ ግን ዲጂታሉን መረጥኩ። ከዚያስ? ቁልፉን ትጫናለህ፤ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ትጠብቃለህ። በስንት መከራ ፎቶው ይነሳል። እስከዚያ የሚስቀው ልጅ ስቆ ጨርሷል፤ የሚሮጠውም አልፏል። አንዱን ካነሳህ በኋላ ካርዱ ላይ እስኪጽፍ ደግሞ ሌላ ጥበቃ አለ። አራት የባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ ስክሪኑን ከከፈትከውማ ወዲያው ነው የሚጨርሰው። አብሮት የመጣው ካርድ 8 ሜጋባይት ነው፤ በጥሩ ጥራት ጥቂት አንስተህ ሞላ። ውጪ የተነሳው ፎቶ ላይ ሰማዩ ነጭ ብቻ ነው፤ ደመናው የለም። ቤት ውስጥ በአምፖል የተነሳው ሁሉ ቢጫ ነው።

ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ስለ ሜጋፒክስል። ያ ቁጥር እውነት ነበር። ያቃጠለኝ ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈው ነው። ቁልፉን ከተጫንክ በኋላ ፎቶው እስኪነሳ ምን ያህል እንደሚቆይ የትም አልተጻፈም። ያላለቀ ዕቃ በተጠናቀቀ ዕቃ ዋጋ ተሸጠልን ባይ ነኝ። ገንዘቡ ይቅር፤ የእነዚያ ዓመታት ፎቶዎች ግን ተመልሰው አይነሱም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ምላሾቹ እየበዙ ስለሄዱ፣ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲቀልለት ማን ምን እንዳለ ከዚህ በታች በተራ አስቀምጫለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ ከኔ ጋር ናት። የሷ ካሜራ ከኔም ይብሳል፤ 640 በ480 ፒክስል ነበር። ኮምፒውተር ላይ ስታየው ደህና ይመስላል፤ ያን ጊዜ ስክሪኑ ራሱ ከዚያ ብዙም አይበልጥም ነበርና። ጉዱ የታየው ልታሳትመው ስትሄድ ነው። ጥሩ የፎቶ ህትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ይፈልጋል። በዚያ ሂሳብ 640 ፒክስል 5 ሴንቲሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ከዚያ በላይ ሲለጠጥ ጥርስና ከንፈር አይለይም። ለአልበም ያሰበቻቸው ፎቶዎች ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ቀሩ።

ምላሽ 2

ይሄኛው በጣም ጨዋ ሰው ነው። አልተስማማም፤ ግን በትህትና ነው ያልተስማማው። ከየት እንደተነሳን አስታወሰን። በ1975 ኮዳክ ውስጥ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ምስሉ 100 በ100 ፒክስል፣ ጥቁርና ነጭ ነው። አንዷን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። በ1991 ኮዳክ ለባለሙያዎች ያወጣው ዲሲኤስ የተባለው ካሜራ ባለ 1.3 ሜጋፒክስል ሆኖ ዋጋው በ20,000 ዶላር ቤት ነበር፤ ፎቶው የሚቀመጥበት ሳጥን ደግሞ ለብቻው በትከሻ ይንጠለጠላል። በ1994 የወጣው የአፕል ኩዊክቴክ 100 በ749 ዶላር ተሸጠ። በሙሉ ጥራቱ 8 ፎቶ ይይዛል። ከኋላው ፎቶ የሚታይበት ስክሪን የለውም፤ የተበላሸችውን አንዷን ለይቶ ማጥፋትም አይቻልም፤ ወይ ሁሉንም ወይ ምንም። በ1995 ካሲዮ ኪውቪ 10 ስክሪኑን ይዞ መጣ፤ ፎቶው ግን 320 በ240 ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1999 ተራ ሰው እጅ ላይ 2 ሜጋፒክስል መግባቱ ትልቅ እርምጃ እንደሆነ፣ ንዴታችንም የችኮላ እንደሆነ ነው የደመደመው።

ታሪኩን ወድጄዋለሁ፤ አንድም ስህተት አላገኘሁበትም። ግን እኔ የከፈልኩት ለካሜራ ነው። ከ1975ቱ ይሻላል መባሉ በወጣው ገንዘብ አያጽናናኝም።

ምላሽ 3

አጭር ነው። ካሜራው የባትሪ ችግር ስለነበረበት መልሶ ቀይሮታል፤ የተቀየረለትም ያው ሆነ። ጠዋት የገባ አዲስ ባትሪ ከሰዓት አይደርስም። በሱ እምነት ሁለቱም ከፋብሪካ የተበላሹ ናቸው።

ምላሽ 4

ከሁሉም ምላሾች ብዙ የተማርኩበት ይሄ ነው። ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው ነው የጻፈው። 3ኛውን መላሽ በቀጥታ አረመው፤ ካሜራዎቹ አልተበላሹም፤ የተሳሳተው ባትሪው ነው። ተራው አልካላይን ድንጋይ 1.5 ቮልት አለው። ሰዓት ወይም ትንሽ ሬዲዮ ውስጥ ሲገባ ረጅም ጊዜ ይቆያል። የዚያ ዘመን ዲጂታል ካሜራ ግን ስክሪን ያበራል፣ የሌንስ ሞተር ያንቀሳቅሳል፣ ፍላሽ ይሞላል፤ ሁሉንም በአንዴ። ብዙ ኮረንት በአንድ ጊዜ ሲሳብበት አልካላይኑ ቮልቴጁ ይወርዳል። ካሜራው ባትሪው ያለቀ ይመስለውና ይጠፋል። ያንኑ የተጣለ ድንጋይ ግድግዳ ሰዓት ላይ ብታደርገው ወራት ይሠራል።

መፍትሔው ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ነበር። 1.2 ቮልት ብቻ ነው፤ ግን ብዙ ኮረንት ሲሳብበት እንደ አልካላይኑ አይወድቅም። እሱም የራሱ ጣጣ ነበረው፤ ሞልተህ መሳቢያ ውስጥ ብታስቀምጠው በሳምንታት ውስጥ ኃይሉ በራሱ ያልቃል። ሞልቶ ቢቀመጥ ኃይሉን ብዙ የማያጣው ዓይነት፣ የሳንዮው ኤነሉፕ፣ የመጣው በ2005 ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ይሄ ሁሉ እውነት ከሆነ፣ ካሜራውን ከአልካላይን ጋር አሽጎ መሸጥ ምን የሚሉት ነው? የኔው ካርቶን ውስጥ የነበሩት አራቱም አልካላይን ናቸው።

ምላሽ 5

መዘግየቱ ከየት እንደሚመጣ ያስረዳ ሌላ ቴክኒክ አዋቂ ነው። እነዚያ ካሜራዎች ፎከስ የሚያደርጉት ሴንሰሩ (በፊልም ፋንታ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ላይ የወደቀውን ምስል እያዩ ነው። ሌንሱን ትንሽ ያንቀሳቅሳሉ፤ ምስሉ ጠራ ወይስ ደበዘዘ ብለው ይለካሉ፤ ካለፉት ይመለሳሉ። ብርሃን ሲያንስ ልኬቱ ይምታታባቸውና ደጋግመው ይሞክራሉ። ፎከስ ራሱ የሚያደርገው ትልቁ ባለ ፊልም ካሜራ ግን ለዚሁ ሥራ የተለየ ሴንሰር ስላለው፣ ሌንሱ ወደየትና ምን ያህል መሄድ እንዳለበት በአንዴ ያውቃል። ከፎከሱ በኋላ ደግሞ ብርሃንና ቀለም መለካት አለ፤ ስክሪኑ ላይ ይታይ የነበረውን ምስል አቁሞ ሴንሰሩ ላይ ከቀድሞው ምስል የቀረውን ኤሌክትሪክ ማጽዳት አለ፤ ከዚያ ነው ማንሳቱ።

መላም ሰጠን። ቁልፉን እስከ ግማሽ ተጭኖ ቀድሞ ፎከስ ማስያዝ፣ ከዚያ ጊዜው ሲደርስ እስከ መጨረሻው መጫን። በዚህ መንገድ ትልቁ መዘግየት ይቀራል።

ምላሽ 6

እዚህ ላይ ነው ድምፁ የተለወጠው። ይሄ ሰው የግማሽ መጫኑ ነገር መመሪያው ላይ እንደተጻፈ፣ መመሪያ ሳያነቡ ካሜራን መውቀስ የሰነፍ ሥራ እንደሆነ ጻፈ። እኔን ነው የሚያወራው። ነጭ ሰማይ ያልኩትንም አነሳ። ኤክስፖዠር (ፎቶው የሚያገኘውን የብርሃን መጠን) መቀነሻው ስንት ዓመት ሙሉ እዚያው እያለ ያልነካ ሰው ስለ ሰማይ ማማረር እንደማይገባው ነው የነገረኝ። ብርሃን መለካት ለማይችል ሰው ካሜራ ሁሉ አንድ ነው ብሎም ደመደመ።

ምላሽ 7

የ1ኛዋ መላሽ ተመልሳ መጣች፤ ተቆጥታለች። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብባዋለች፤ ካሜራው ግን ያው ነው። ዳዴ የሚል ልጅ ፎከስ እስኪያዝ እንደማይጠብቅ ለ6ኛው ለማስረዳት ሞከረች። ልጅ አሳድጎ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይጽፍም የሚል ነገርም ጨመረችበት። ይሄኛው ባይጻፍ እመርጥ ነበር፤ ከካሜራው ወደ ሰውየው ሄደ። ንዴቷ ግን ይገባኛል።

ምላሽ 8

የኔ ነው። ለ6ኛው የመለስኩት ይህን ነበር። መመሪያውን አንብቤያለሁ። ግማሽ መጫን ባለበት ለሚቆም ነገር ይሠራል፤ ወደ ካሜራው ለሚሮጥ ልጅ ግን አይሠራም፤ የተያዘው ፎከስ ልጁ ቅድም የነበረበት ቦታ ላይ ነውና። ሰማዩንም ሞክሬዋለሁ፤ ኤክስፖዠሩ ሲቀነስ ሰማዩ ይመለሳል፣ የሰዎቹ ፊት ግን ይጠቁራል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ያቃተው ሴንሰሩ ነው። የቀለም ኔጋቲቭ ፊልም ከልክ በላይ ብርሃን ሲገባበት ታግሶ የደመናውን ቅርጽ ያስቀራል። በተራ ካሜራ የተነሳ ፊልም እንኳ።

ምላሽ 9

ውይይቱን ያዳነው ይሄ ይመስለኛል። በ1999 የወጣውን ኒኮን ዲ1 አነሳ። ያ የባለሙያ ካሜራ ነው፤ ዋጋው ከ5,000 ዶላር በላይ፤ የጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች ሥራ ላይ ያዋሉት። ሜጋፒክስሉ ስንት ነው? 2.7 ብቻ! በዚያው ዓመት ለተራ ገዢ ከሚሸጠው ባለ 2 ሜጋፒክስል ጋር በቁጥር ይህን ያህል አይራራቁም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የዲ1 ሴንሰር 23.7 በ15.6 ሚሊሜትር ነው። የኛዎቹ 6.4 በ4.8 ገደማ ነበሩ። በስፋት ሲሰላ 12 እጥፍ ይበልጣል። ሰፊ ሴንሰር ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ ስለዚህ ጨለማ ውስጥ ምስሉ በነጠብጣብ አይዝረከረክም፤ ሰማዩንም ቶሎ አያቃጥልም። ፎከሱ የፊልም ካሜራ ፎከስ ነው። በሰከንድ ከ4 ፎቶ በላይ ያነሳል።

ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ። የመክፈቻው ጽሑፍ ላይ ልለው የፈለግኩት ይሄው ነው። ጉድለቱ የፒክስል ማነስ አልነበረም። ይሸጥ የነበረው ግን በፒክስል ነው። ገዢው ሁለት ካሜራ ሲያወዳድር የሚያየው ያንኑ ቁጥር ነው፤ ከፍጥነትና ከሴንሰር ስፋት የሚያወዳድርበት ነገር አልተሰጠውም።

ምላሽ 10 እና 11

10ኛው ነገሩን አከረረው። ቁጥሩ ራሱ ውሸት የሆነባቸው ካሜራዎች እንደነበሩ፣ ለምሳሌም በ2000 የወጣው የፉጂ ፋይንፒክስ 4700 ባለ 2.4 ሚሊዮን ነጥብ ሴንሰር ይዞ 4.3 ሜጋፒክስል ፋይል እንደሚያወጣ ጻፈ። ማጭበርበር ነው ያለው። ዲጂታል ዙምንም እዚያው ጨመረው። እሱ ላይ ልክ ነው፤ ዲጂታል ዙም ማለት መሃሉን ቆርጦ መለጠጥ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ራስህ ልትሠራው የምትችለው።

11ኛው ግን አላሳለፈውም። የዚያ ሴንሰር ነጥቦች እንደ ተለመደው ሳይሆን በ45 ዲግሪ ዘንበል ተደርገው የተደረደሩ ናቸው፤ ስለዚህ ከነሱ በላይ ብዙ ፒክስል ማስላት ምክንያት አለው። ቀጥሎ የጻፈው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። የዛሬውም ካሜራ ቢሆን አብዛኛውን ቀለም በስሌት ነው የሚሞላው። ብራይስ ባየር ኮዳክ ውስጥ ሆኖ በ1976 የፈጠራ መብት ያገኘበት የቀለም ማጣሪያ፣ አንዱ ነጥብ አንድ ቀለም ብቻ እንዲለካ ያደርጋል፤ ወይ ቀይ፣ ወይ አረንጓዴ፣ ወይ ሰማያዊ። ግማሾቹ ነጥቦች አረንጓዴ ናቸው። የቀሩትን ሁለት ቀለሞች ካሜራው ከጎረቤት ነጥቦች ያሰላቸዋል። ስለዚህ ስሌትን ሁሉ ውሸት ካልን የሚተርፍ ካሜራ የለም።

ሁለቱ ከዚያ በኋላ ብዙ ተመላለሱ። ስድብ ስለገባበት አልፌዋለሁ።

ምላሽ 12

ይሄ ሰው ካሜራውን ይወደው ነበር። በ1997 የወጣው ሶኒ ማቪካ ኤፍዲ 7 ነው፤ ፎቶውን በቀጥታ ፍሎፒ ዲስክ ላይ የሚጽፈው። 640 በ480፣ ግን 10 እጥፍ የሚያቀርብ እውነተኛ ዙም ነበረው። እኛ ካሜራውን ከኮምፒውተር በሚያገናኘው ቀርፋፋ ሲሪያል ኬብል ስንሰቃይ እሱ ፍሎፒዋን አውጥቶ የፈለገው ኮምፒውተር ላይ ይከታል። ሶፍትዌር የለ፣ ኬብል የለ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የዕቃ ፎቶ ለማንሳት ከዚያ የሚሻል አላየም።

እውነቱን ነው። የሲሪያል ኬብሉ ነገር ትዝ ሲለኝ ዛሬም ያመኛል። ፈጣን የሚባለው በሰከንድ 115,200 ቢት ነበር። በዚያ ፍጥነት ባለ 8 ሜጋባይት ካርድ ለመገልበጥ 12 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ እንደገና።

ምላሽ 13

ውይይቱ ከዚህ በኋላ መንገድ ሳተ። ፍሎፒዎቹ ዛሬ ይነበባሉ ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። አንዳንዶቹ ይነበባሉ፤ አንዳንዶቹ ላይ ግን መረጃው እየጠፋ ነው፤ ማንበቢያውም እየጠፋ ነው። የኩዊክቴክን ፋይል ደግሞ የዛሬ ኮምፒውተር እንደ ተራ ፎቶ አይከፍተውም፤ ጄፔግ የሚባለው የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት አይደለምና መቀየሪያ ያስፈልገዋል።

ምላሽ 14፣ 15 እና 16

ወጣቶች ዛሬ እነዚህን አሮጌ ካሜራዎች እየፈለጉ መግዛታቸውን አንዱ አነሳ፤ ሲሲዲ የሚባለው የድሮው ዓይነት ሴንሰር የሚሰጠው ቀለም ዛሬ እንደማይገኝም ጻፈ። 15ኛው ክፉኛ ተቆጣ። እኛን ያስለቀሰን ዕቃ ዛሬ ፋሽን ሆኖ በውድ ይሸጣል ወይ የሚል ነው ነገሩ። 16ኛዋ ራሷ ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ መለሰች። ካሜራውን የምትይዘው ስልኳ ሁሉንም ፊት እያለሰለሰ ስለሰለቻት ነው። የሲሲዲ ተአምር የሚባለውንም አትቀበልም፤ መልኩ የሚመጣው ከትንሹ ሴንሰር፣ ፊት ለፊት ከሚበራው ፍላሽና ካሜራው ራሱ ፋይሉን ከሚያዘጋጅበት መንገድ እንደሆነ ነው የምታምነው። ልክ ናት ባይ ነኝ። እሷ በትርፍ ሰዓቷ የምትጫወትበት ካሜራ ለኛ ግን ያለን አንድ ካሜራ ነበር። ንዴታችንና ደስታዋ አይጋጩም።

ምላሽ 17

አንዲት መላሽ የሟች አባቷ የመጨረሻ ፎቶዎች በእንዲህ ያለ ካሜራ የተነሱ መሆናቸውን ጻፈች። ሁሉም 640 በ480 ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ተንቀጥቅጧል። አሁን ባሉት ማጉሊያ ፕሮግራሞች አሳድጋ ልታሳትመው ታስባለች፤ ምክር ነው የጠየቀችው።

ምላሽ 18 እና 19

18ኛው አበረታታት፤ ውጤቱ በጣም እንደሚያምርም ነገራት። 19ኛው ተቃወመ፣ በእርጋታ። ፕሮግራሙ የሌለውን ዝርዝር ፈልጎ አያገኘውም፤ ከሌሎች ብዙ ፊቶች ተምሮ የሚመስል ነገር ይሠራል። የዓይኑ ቆብ፣ የፊቱ መስመር የአባቷ መሆኑ ይቀራል።

እኔም ከ19ኛው ጋር ነኝ፤ ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። ዋናውን ፋይል አትንኪው። በሌላ ስም ገልብጪውና በቅጂው ላይ የፈለግሽውን ሞክሪ። ለህትመት ደግሞ በትንሹ አሳትሚው። 9 በ6.8 ሴንቲሜትር ገደማ ብታወጪው በኢንች 180 ፒክስል ይደርሰዋል፤ በእጅ ተይዞ ሲታይ ደህና ነው። ትንሽ ሆኖ እሱን ቢመስል ይሻላል።

ምላሽ 20

6ኛው መላሽ ተመለሰ። ስለ መመሪያው ያለው አልተለወጠም፤ ግን ስለ 17ኛዋ ፎቶ ከኔ ጋር መስማማቱን ጻፈ። የተንቀጠቀጠው ፎቶ ጥቁርና ነጭ ቢደረግ የቀለም መዝረክረኩ ዓይን ላይ እንደማይጎላም ጨመረ። ጥሩ ሐሳብ ነው።

ምላሽ 21 እና 22

21ኛው አሮጌ ስማርትሚዲያ ካርድ አግኝቷል፤ እንደ ካርቶን የሳሳችው ካርድ። ውስጡ ፎቶ እንዳለ ያውቃል፤ ማንበቢያ ግን የለውም። ካሜራው ደግሞ ውስጡ ተረስቶ በቀረ ባትሪ ፈሳሽ ተበልቷል። 22ኛው ጥንቃቄ ነገረው። ስማርትሚዲያ ባለ 5 ቮልትና ባለ 3.3 ቮልት ተብሎ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚለዩት ጥጋቸው በተቆረጠበት ጎን ነው። የኋላ ዘመን ማንበቢያ የሚቀበለው ባለ 3.3ቱን ነው። ስለዚህ ማንበቢያ ከመፈለጉ በፊት ካርዱ የትኛው እንደሆነ ይይ።

እኔ የምጨምረው አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ካርዱ ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ከጠየቀህ እምቢ በል። መጀመሪያ ያለውን እንዳለ ገልብጥ፤ የጠፋ ፋይል ማውጫ ፕሮግራም ከዚያ በኋላ በቅጂው ላይ ይሞከራል። ብዙ ዓይነት ካርድ የሚቀበለው የድሮው ዩኤስቢ ማንበቢያ ስማርትሚዲያም ያነብ ነበር። እሱ ያላችሁና ለ21ኛው ልታውሱት የምትችሉ ካላችሁ እዚሁ ጻፉለት።